የሐጂ ሰይድ መስመር

ደባርቅ መናኸሪያ ስደርስ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ይንቀጠቀጥ ጀመር። በማስተምርበት በጃናሞራው መካነ ብርሃን ኔትወርክ ከጠፋ ሰንብቷል፤ ወደ ደባርቅ ብቅ ባልኩ ቁጥር የተጠራቀመው መልእክት ሁሉ ባንዴ ይወርዳል። ሌላው ሰው በዚህ ደስ ይለው ይሆናል። እኔ ግን እፈራዋለሁ። ከመካከሉ አንዱ መርዶ ቢሆንስ እያልኩ፣ ተንቀጥቅጦ እስኪያበቃ ድረስ ከኪሴ አላወጣውም።

በዚያን ቀን አንዱ መርዶ ነበር። የላከችው የጎንደር ጎረቤቴ የነበረችው እትዬ የሺ ናት። «መምህር፣ ሐጂ ሰይድ አረፉ። ቀብረናቸዋል። እንዳትደነግጥ» ይላል። ከተላከ ሳምንት አልፎታል። ከመናኸሪያው አጥር ሥር ተቀመጥኩና አለቀስኩ። «እንዳትደነግጥ» ማለቷ ጠባዬን ስለምታውቀው ነው። እዚያ ሰፈር «ፈሪው መምህር» እባል ነበር፤ ስሙን ያወጡልኝም ሐጂ ሰይድ ራሳቸው ናቸው።

ጎንደር አስተምር በነበረበት ጊዜ አዲስ ዓለም ሰፈር፣ ከሐጂ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። ሐጂ ሰይድ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ፤ አባታቸውም አያታቸውም እንደዚያው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ትከሻቸው ጎበጥ ያለ ሰው ናቸው። ሱቁን ለወንድማቸው ልጅ ከተዉ በኋላም የጨርቅ መለኪያ ሜትራቸውን ከአንገታቸው አላወረዱም። ያገኙትን ነገር ሁሉ ይለካሉ። የጎረቤት ልጆችን ቁመት ይለካሉ፣ አዲስ የገባ አልጋ ይለካሉ፣ እኔ የገዛሁትን መጋረጃ እንኳ ሳይለኩ እንድሰቅል አልፈቀዱልኝም። ለክተው ሲጨርሱ ደግሞ እንደገና ይለካሉ። «የመጀመሪያው ጨርቁን ነው፤ ሁለተኛው እጄን ለመታዘብ ነው» ይሉኝ ነበር።

ሚስታቸው የሞቱት አንድ ልጃቸው ሐያት ገና ሕፃን ሳለች ነው። ሌላ አላገቡም። ጠጉሯን ራሳቸው እየጎነጎኑ አሳደጓት፤ ሹሩባው ጠማማ ስለነበር ትምህርት ቤት ይሳቅባት እንደነበር ሐያት ራሷ እየሳቀች ነግራኛለች። እኔ ግቢው ስገባ እሷ አዲስ አበባ አንድ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራ ነበር። በመስመር የሚገባውን የቤት ኢንተርኔት ያስገባችላቸውም እሷ ናት፤ ፊታቸውን እያየች ልታወራቸው።

ኢንተርኔቱ በገባ ሰሞን ምስሉ ቆም ቆም እያለ አስቸገራቸውና ጠሩኝ። ስልካቸው ላይ የኢንተርኔት ፍጥነት መለኪያውን ከፍቼ አሳየኋቸው። ስትጫነው መርፌዋ ወደ ላይ ትወጣለች፤ መጨረሻ ላይ አንዱ ቁጥር ወደ ቤት የሚመጣውን፣ ሌላው ከቤት የሚሄደውን ይነግርሃል። ሐጂ መነጽራቸውን አድርገው መርፌዋን ሲያዩ ቆዩ።

«እንዲህ ያለ ሜትር እያለ እስከ ዛሬ ሳትነግረኝ» አሉኝ፣ እንደ መቀየም ብለው።

ከዚያ ወዲህ ሥራ አገኙ። ጠዋት ከሶላት ሲመለሱ በረንዳው ላይ ይቀመጡና ይለካሉ። ቁጥሩን ያዩና እንደገና ይለካሉ። ቀጥለው አንድ የመንዙማ ቪዲዮ ይከፍታሉ። ቁጥሩን እንደማያምኑት፣ መንዙማው ግን እንደማይዋሽ ይናገራሉ። ያቺ የምትሽከረከር ክብ ብቅ ሳትል መንዙማው ከዳር ከደረሰ «አለፈች» ይላሉ። ክቧ ከመጣች ደግሞ «አላለፈችም» ብለው ስልኩን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ይተክዛሉ። የመጀመሪያው ሰሞን ይህ ለእኛ ለግቢው ሰዎች መሳቂያ ነበር።

በኋላ ዘመኑ ከፋ። ተኩስ የሚሰማበት ቀን በዛ፣ መንገዱ አስፈሪ ሆነ፣ የስልክ ዳታም ጠፋ። በመስመር የሚገባው ብቻ ቀረ። በእኛ ቅያስ ደግሞ መስመር ያለው የሐጂ ቤት ብቻ ነው። ሐጂ የይለፍ ቃሉን ለሰፈሩ በሙሉ አደሉ። ቃሉ የልጃቸው ስም ስለነበር ማንም አልረሳውም። እኔ ሰው ሲበዛበት መስመሩ እንደሚደክም ብነግራቸው፣ «ውኃ ቢሆን ኖሮ ልከለክላቸው ነበር?» አሉኝና ነገሩ በዚያው አበቃ።

ዋይፋዩ እስከ የት እንደሚደርስም ለኩ። ስልኩን በእጃቸው ይዘው ከቤት ወደ ውጭ እየተራመዱ፣ እየቆሙ፣ እየለኩ ሄዱ። ከግቢው በር ወጣ ብሎ ሰው የሚያርፍባት አንዲት ጠፍጣፋ ድንጋይ አለች። እስከ እሷ ድረስ ይሠራል፤ አንድ እርምጃ አልፈሃት ከሄድክ ምስሉ ይቆማል። ከዚያ በኋላ ያቺ ድንጋይ ባዶዋን ውላ አታውቅም። ኮላ ድባ ያለ ወንድሙን የሚያፈላልግ፣ አዲስ አበባ ያለች ልጇን የምትጣራ፣ ሁሉም ተራ በተራ ይቀመጥባታል።

ሰው ሲፈራ ከሁሉም ነገር ምልክት ይፈልጋል። ከዚህ ቀደም ኢንተርኔት የጠፋባቸው ቀኖች ክፉ ቀኖች ስለነበሩ፣ ሰፈሩ የሐጂን መርፌ እንደ ደመና ያያት ጀመር። ገበያ ለመሄድ የሚነሣ ሰው በአጥር ላይ «ሐጂ፣ ዛሬ አለፈች?» ብሎ ይጠይቃል። አለፈች ካሉ ይሄዳል። አላለፈችም ካሉ ልጆቹን ከትምህርት ቤት ያስቀራል። ከሁሉም ቀድሞ የሚጠይቀው ማን እንደነበር መናገር አያስፈልገኝም።

አንድ ቀን ግቢው ውስጥ ቆመን ሳለ ተኩሱ ከቅርብ ተሰማ። እኔ ከውኃ በርሜሉ ጀርባ ተወሸቅሁ። ሐጂ ከቆሙበት ሳይነቃነቁ ስልካቸውን አውጥተው ይለኩ ጀመር። ተናደድሁባቸው።

«ሐጂ፣ እርስዎ አይፈሩም ወይ?» አልኳቸው ከበርሜሉ ኋላ ሆኜ።

«ምነው አልፈራ? ይኸው ጉልበቴን እየው» አሉኝ። ሽርጣቸው ይርገበገብ ነበር፤ ነፋስ ግን አልነበረም። «ስለምፈራ ነው እኮ የምለካው። ስትለካ ቢያንስ እጅህ ሥራ ይይዛል።»

ያን ጊዜ ነው ይህን ሰው የወደድኩት። እስከዚያ ድረስ ጀግና ይመስሉኝ ነበር፤ ጀግና ደግሞ ያሳቅቀኛል። እሳቸው ግን እንደ እኔው የሚፈሩ፣ ፈርተው ግን ቆመው የሚውሉ ሰው ሆነው አገኘኋቸው።

አንድ ጥፋት ግን ሠራን። ምክሩን የሰጠሁ እኔ ነኝ። መስመሩ ሲዝል የኢንተርኔቱን ሳጥን ነቅሎ መልሶ መሰካት ያድሰዋል ብዬ ነገርኳቸው። ሐጂም አንድ ማለዳ፣ ገበያው ሞቅ ሲል፣ ሶኬቱን ነቀሉ። ትንሽ ይረፍ ብለውም ገመዱን በእጃቸው ይዘው በረንዳው ላይ ተቀመጡ። እኔም አጠገባቸው ነበርኩ። ወዲያው ከታች በኩል አንድ የሱቅ የብረት በር ተጠረቀመ። ቀጥሎ ሌላው። ሴቶች እየጮኹ ወደ ትምህርት ቤቱ ሮጡ፣ ባጃጆች ዞሩ፣ የእትዬ የሺ ቲማቲም መንገዱ ላይ ተበተነ። ድንጋጤው የሐጂን ዋይፋይ አይተውት ወደማያውቁት ሰፈሮች ሁሉ ተሻገረ። እኛም የሆነውን ሳናውቅ የግቢውን በር ቀርቅረን ከበሩ ኋላ ተቀመጥን።

«ምን መጣ? እስቲ ኢንተርኔቱን እይ» አሉኝ ሐጂ በሹክሹክታ።

«ጠፍቷል ሐጂ» አልኳቸው።

ሐጂ እጃቸውን ተመለከቱ። ገመዱ እጃቸው ላይ ነው። ሰፈሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ መስመሩ ሲቋረጥበት፣ ክፉው ቀን መጣ ብሎ መሮጡ ነበር። እኛም ያመጣነውን ሩጫ ሰምተን ፈርተን ተደብቀናል።

ይህ የሚያስቅ ነገር ሆኖ ይቀር ነበር፤ እትዬ የሺ ስትሮጥ ወድቃ የእጇ አንጓ ባይሰበር። ወጌሻ አሸላት፣ ግን ተጣሞ ቀረ። ኋላ ላይ እጇን ከፍ እያደረገች «ይቺ የሐጂ ዋይፋይ ናት» እያለች ታስቀን ነበር። ሐጂ ግን አልሳቁም። ያን ሳምንት ምግብ አልበላ ብሏቸው ሰነበተ። በየቤቱ ዞረው ይቅርታ ጠየቁ፤ ሰው ሳይነገረው ያቺን ገመድ ዳግመኛ ላይነቅሉም ማሉ።

ከዚያ ሐያት የምታገባው ሰው አገኘች። ሐጂ ደስታቸው ወሰን አጣ፤ ወዲያው ደግሞ ፍርሃት ያዛቸው። በመኪና ልሂድ ሲሉ፣ ከመንገድ ተወስዶ የቀረ ሰው ስም የማይሰማበት ሳምንት አልነበረም። በአውሮፕላን ልሂድ ሲሉ ልባቸውን የሚያያቸው ሐኪም ከለከላቸው። ሐያት እኔ እመጣለሁ ብትል እሳቸው እንቢ አሉ። ኒካሑን የሚያስሩት ሸኽ፣ ሐጂ እዚያው አዲስ አበባ ያለውን ወንድማቸውን ወኪል ቢያደርጉት ጋብቻው ያለ ችግር እንደሚታሰር ነገሯቸው።

«እኔ በሕይወት እያለሁ ሌላ ሰው አፉን ከፍቶ ሐያትን ሰጠሁ ይላል?» አሉኝ። «እናቷ ስትሞት እጇን በእጄ ላይ ነው ያስያዘችኝ። የምሰጣትም እኔ ነኝ፣ በራሴ አፍ።»

ለምነው ሸኹን እሺ አሰኙ። ሸኹ ግን አንድ ነገር ላይ ጸኑ፤ የአባትየው ፊት መታየት፣ ቃሉም ሳይቆራረጥ መሰማት አለበት። ከተቆራረጠ ወኪሉ ይናገራል። ኒካሕ በግምት አይታሰርም አሉ።

ቀኑ ደረሰ፤ ጊዜው ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ ነው። ሐጂ ጠዋት ለክተው አልፋ ነበር። አዲስ ነጭ ጀለቢያ ለብሰው፣ ሜትራቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ከአንገታቸው አውልቀው ተቀመጡ። ስልኩን ከፊታቸው ከአንድ ጣቃ ጨርቅ ጋር አስደገፍኩት። ጥሪው ሲከፈት ሐያት በነጭ ሻሽ ተሸፍና ጥርት ብላ ታየች። ሐጂ ስክሪኑን በጣታቸው ነካ አደረጉት።

ተኩሱ የጀመረው ያን ጊዜ ነው። መጀመሪያ ከከተማው ዳር ነበር፤ ቀጥሎ ቀረበ። የቤቱ መስኮት ተንቀጠቀጠ። እኔ ወለሉ ላይ ተቀመጥሁ። ወዲያው ሰፈሩ በሙሉ ስልኩን አነሣ፤ ባል ሚስቱን፣ እናት ልጇን ማፈላለግ ነው። የሐያት ምስል እየቆመ መሄድ ጀመረ። የሸኹ ድምፅ ግን ደረሰን።

«ሐጂ፣ ፊትዎ ደርቆ ቀርቷል። ድምፅዎም አይሰማም።»

ወዲያው ለካሁ። የሚመጣው ቁጥር ዝቅ ብሏል፤ የሚሄደው ግን የለም ማለት ይቻላል። እኛ እናያቸዋለን፣ እነሱ አያዩንም። ሐያት ታለቅሳለች። ሐጂ «አይዞሽ፣ አለሁ» ይሏታል፣ እሷ አትሰማም። ተኩሱን በስልኩ ሳትሰማው አትቀርም፤ ከዚያ የአባቷ ፊት ቀጥ ብሎ ቀረባት። ምን እንዳሰበች አላህ ያውቃል።

«ሐጂ፣ ሳጥኗን ላጥፋትና የይለፍ ቃሉን ልቀይረው» አልኳቸው። «ሁሉም ይወጣሉ፣ እኛ ብቻ እንቀራለን።»

«በዚህ ተኩስ?»

«አንዲት አፍታ ናት።»

«የየሺም እጅ የተሰበረው በአንዲት አፍታ ነው» አሉኝ። «አሁን ከልጁ ጋር የሚነጋገር ሰው አለ። ድምፁ ቢቆረጥበት ምን ይላል? አልነካትም።»

ከወዲያ በኩል ሸኹ «እንግዲህ ወንድምየው ይናገር?» ሲሉ ተሰማ። ሐጂ እጃቸውን አነሡ፣ ቆዩ ለማለት። ማንም አላየውም። ያኔ ተነሡና ወደ ግቢው ወጡ።

በዚያ ሰዓት የሰው በር ማንኳኳት አይቻልም። በዚያ ሰሞን በር ሲንኳኳ የሰው ልብ ቀጥ ይል ነበር፤ የሚከፍትም የለም። ሐጂ ከቆርቆሮው አጥር ሥር ቆሙና በዚያ ሰፈሩ በሚያውቀው ድምፃቸው ተጣሩ።

«የሺ፣ እኔ ነኝ፣ ሰይድ ነኝ። አትደንግጪ። ሐያትን ልድር ነው፤ መስመሩን ለትንሽ ጊዜ ልቀቂልኝ። የጠፋ ሰው የምትፈልጊ ከሆነ ግን እንዳትለቂ።»

ይህንኑ ወደ ቀኝ ዞረው ተናገሩ። ወደ ግራም ዞረው ተናገሩ። በየስሙ ነው የሚጠሩት። ተኩሱ ሲሰማ ትከሻቸው ይሰበቃል፣ ሲያባራ ይቀጥላሉ። እኔ ከበሩ መድረክ ማለፍ አልቻልኩም። እዚያው ሆኜ ስልኬን ተጫንኩ። መርፌዋ ተኝታለች። እውነቱን ለመናገር ይለቃሉ ብዬ አላሰብኩም። በዚህ ሰዓት ስልኩን የሚለቅ ማን ነው?

«ለቅቄያለሁ ሐጂ» የሚል ድምፅ ከአጥሩ ወዲያ መጣ። እትዬ የሺ ናት። «ሸጋ ጋብቻ ያድርግላት።»

ቀጥሎ ከላይኛው ቤት «እኛም ለቀናል» ተባለ። ከታች አንድ ሽማግሌ ሳል እያቋረጣቸው «ለቅቀናል» አሉ። መርፌዋ ተነቃነቀች። አንድ ድምፅ ሲሰማ ትንሽ ከፍ ትላለች፣ ሌላ ሲሰማ ደግሞ ትንሽ። አንዲት ሴት ብቻ ከሩቅ «እኔ ልጄ ከመንገድ አልገባም፣ ሐጂ» አለች። «እንዳትለቂ» አሏት ሐጂ።

ሐጂ እያለከለኩ ተመለሱ፤ ደረታቸውን በእጃቸው ይዘዋል።

«ስንት ሆነች?»

ነገርኳቸው።

«እንደገና ለካ» አሉኝ።

መስኮቱ እየተንቀጠቀጠ እንደገና ለካሁ። ያውም እንባዬ ስክሪኑን እየጋረደኝ ነው። ሐጂ ቁጥሯን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ «መንዙማው ለዛሬ ይቅር» አሉና ተቀመጡ።

ሐያት ፊታቸው ሲንቀሳቀስ ስታይ አፏን በእጇ ያዘች። ሐጂ ሸኹ ያስጠኗቸውን ቃል ተናገሩ። አንድም ፊደል አልተቆረጠም። ልጄን ሰጥቼሃለሁ አሉ፣ ሙሽራው ተቀብያለሁ አለ። ሸኹም «አይተናል፣ ሰምተናል» አሉ። ሐጂ ጮክ ብለው ስለተናገሩ ጎረቤት ሰምቷል መሰለኝ፣ ከየአጥሩ ወዲያ እልልታ ተሰማ። ጎላ ያለ አልነበረም። በሩን ዘግቶ ወለሉ ላይ የተኛ ሰው፣ አፉን በነጠላ አፍኖ የሚያወጣው እልልታ ነው። እንደዚያ ያለ እልልታ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልሰማሁም።

ጥሪው ሲዘጋ ሐጂ ውኃ ለመኑኝ። ብርጭቆው ጥርሳቸውን ይመታው ነበር።

«ፈርቼ ነበር» አሉኝ።

«ማን ያልፈራ አለ ሐጂ፣ በዚህ ተኩስ?»

«ተኩሱን አይደለም። ሳታየኝ እንዳትቀር ነው።»

ብዙ ሳይቆይ ወደ ትውልድ አገሬ ወደ ጃናሞራ ተዛወርኩ። ሐጂ በየጠዋቱ «አለፈች» ወይም «አላለፈችም» እያሉ ይጽፉልኝ ነበር። ሌላ ቃል አይጨምሩም። በዚያ በደባርቅ መናኸሪያ፣ ከመርዶው በፊት የተላኩ ብዙ «አለፈች»ዎችም ደርሰውኛል። እነዚያን አልከፈትኳቸውም፤ እስካሁንም አልቻልኩም።

እትዬ የሺ ጋ ደወልኩ። ልባቸው እንደሆነ፣ ከሶላት ተመልሰው በረንዳው ላይ እንደተቀመጡ እንዳረፉ ነገረችኝ። ስልኩ ጭናቸው ላይ ነበር አለች። የእስላም ቀብር አይዘገይም፤ መንገዱም አልተከፈተም። አንድ ነገር ብቻ ሳልጠይቃት መዝጋት አልቻልኩም።

«ሐያትስ? ሳታያቸው ቀረች?»

«ምነው ትቀር? አይታቸዋለች እንጂ» አለችኝ። «ስልኩን የያዝሁት እኔ ነኝ፣ በዚችው በጠማማዋ እጄ። ከቤት ሲያወጧቸው ከጎን ከጎን እየሄድሁ አሳየኋት።»

«አለፈች?» አልኳት። ሌላ መጠየቂያ ቃል አልመጣልኝም።

«አልፋ። ያለ እሷ መስመሩን የነካ ሰው አልነበረ። ማንም ልቀቁ አላለንም፣ ሁላችን ስልካችንን ዘግተን ነው የወጣን።»

«እስከ ድንጋይዋ ድረስ?»

«እስከ ድንጋይዋ ድረስ። እዚያ ስንደርስ ተሸካሚዎቹ ቀጥ አሉ። ያቺን ካለፉ እንደማታይ ያውቃሉ ሁሉም።»

መናኸሪያው ውስጥ ረዳቶች የመኪና ስም ይጣራሉ። ከዚያ የፈሪነቴን ጠየቅኋት።

«በዚያን ቀን ተኩስ አልነበረም ወይ?»

«ነበር እንጂ ልጄ።»

«መንገድ ላይ ነው እኮ። ሜዳ ላይ። እና ቆሙ?»

«እሷ በቃኝ እስክትል ቆሙ» አለችኝ።